ስሕተት የቆጠርኩበት ቅዳሜ

ይህን ስጽፍ ለትዝታዬ ዋስ መሆን እንደማልችል አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ነገሩ ከሆነ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ በእኔ ዕድሜ ግን ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ወዳጄ ያን ቀን ኃይለኛ ዝናብ እንደነበረ፣ በአዳራሹ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ለመሰማት መጮህ እንደነበረበት አጥብቆ ይናገራል። እኔ የማስታውሰው በመስኮት የገባው ፀሐይ ወረቀቴ ላይ አርፎ ዓይኔን ሲያስቸግረኝ ነው። ምናልባት ሁለታችንም ልክ ነን፤ ሶዶ ላይ በአንድ ከሰዓት ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም አንዳችንም ልክ አይደለንም። በእጄ ያለው ብቸኛ ማስረጃ ያኔ የጻፍኩበት ወረቀት ሲሆን፣ እርሱም ስለ አየሩ ምንም አይልም።

ወዳጄ የምለው ጎረቤቴን ነው። ጡረታ የወጣ ወንጌላዊ ሲሆን በቤተ ክርስቲያናችን ካሉት ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ልጆች ሳለን አንድ ክፍል ተምረናል። ከዚያ በኋላ እኔ ፍልስፍና ልማር ከአገር ወጣሁ፤ እርሱ ግን የወላይታን ገጠር በእግሩ እየዞረ ሰበከ። እኔ በዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ስወጣ፣ እርሱም የስብከት ጉዞውን ሲያቆም፣ አጥር ለአጥር ተገናኘን። «ፕሮፌሰር» ይለኛል፤ የሚለኝም ፕሮፌሰር እንዳልሆንኩ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው።

የመጨረሻ ልጁ ቦዲቲ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። አርብ አርብ ማታ በሚኒባስ ወደ ወላጆቿ ትመጣለች፤ እሁድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ልጆችን ታስተምራለች። የእኔም ተማሪ ነበረች። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ፋላሲ የምንላቸውን የአስተሳሰብ ስሕተቶች በዝርዝር ሸምድደው ለፈተና ይመጡ ነበር፤ እርሷ ግን በመምህሩ ንግግር ውስጥ ትፈልጋቸው ነበር። አንድ ቀን በእኔው ምሳሌ ውስጥ አንዱን አግኝታ እጇን ስታወጣ ፊቷ ላይ የነበረውን ትሕትናና ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ወይም ያልረሳሁት ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሁድ ነው። ከምታስተምራቸው ልጆች አንዷ፣ በሳይንስ መጽሐፋቸው ላይ ሥዕሉ ያለው ጥንታዊ አጥንት ይቀድማል ወይስ አዳም ይቀድማል ብላ ጠየቀቻት። መምህርቷም «እግዚአብሔር ቸኩሎ ነው የሚሠራው ያለሽ ማነው?» ብላ መለሰችላት። ልጅቷ ይህን ይዛ ቤቷ ገባች። ወሬው ከቤት ቤት ሲያልፍ መልኩ እየተለወጠ ሄዶ ሽማግሌዎች ዘንድ ሲደርስ፣ መምህርቷ ሰው ከዝንጀሮ መጣ ብላ ሕፃናትን አስተምራለች የሚል ሆኖ ነበር። ከአገልግሎት ትታገድ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ያን አገልግሎት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቷ ጀምሮ ይዛው ቆይታለች፤ መጀመሪያ ያስተማረቻቸው ዛሬ ወልደው ልጆቻቸውን ይልኩላታል። አባቷ በሐሳቡ ባይስማማም መቃወም አላመቸውም፤ ልጁ ናትና። ስለዚህ ከመወሰኑ በፊት በግልጽ እንነጋገርበት ሲል ለመነ። እርሱ ስለ ፈጣሪ ንድፍ ይናገራል፣ እርሷ ስለ ዝግመተ ለውጥ ትናገራለች፣ ጉባኤውም ይሰማል።

በማግሥቱ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ዳኛ ሁንልን፤» አለኝ።

«እኔ ዳኛ አይደለሁም።»

«ምንድነህ ታዲያ? ዕድሜህን ሙሉ የሰው ንግግር ስታርም ነው የኖርከው።»

«ማን ልክ እንደሆነ መናገር አልችልም።»

«ማን ልክ እንደሆነማ እኔ አውቃለሁ። አንተ አነጋገራችንን ብቻ ጠብቅልን።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሆኖም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለሙያዬ ሲል የጠራኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ወጣቶቹ ለውይይቱ መጡ፤ አዛውንቱ ግን አባትና ልጅ በአደባባይ ሲከራከሩ ለማየት የመጡ ይመስለኛል። እኔ መሐል ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ተቀምጬ ወረቀቴን በመስመር ለሁለት ከፈልኩና በግራ «አባት»፣ በቀኝ «ልጅ» ብዬ ጻፍኩ።

ወዳጄ ጀመረ። «ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ባጃጅ ብታዩ፣ ብረቱ በጎርፍ ተጠራቅሞ፣ ጎማው ከቁልቁለት ተንከባሎ መጥቶ ተገጣጠመ ትላላችሁ? ሠሪ አለው ነው የምትሉት። ታዲያ የሚነዳው ሰውዬ ሠሪ የለውም?»

ሕዝቡ ሣቀ፤ ተጨበጨበ።

ልጁ ብድግ አለች። «ባጃጅ ወልዶ ያውቃል?»

ሣቁ ወደ እርሷ ዞረ። «የሚዋለዱ ባጃጆች ካሉ ያሳዩኝና ከዚያ እንነጋገር፤» አለች። በግራ በኩል «ደካማ ንጽጽር» ብዬ ጻፍኩ። እርሷ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። «ዝግመተ ለውጥን ዛሬ የሚጠራጠር የተማረ ሰው የለም፤» ብላ ጨመረች። ከኋላ ወንበር አንድ ሐኪም፣ ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ፣ «እኔ አለሁ፤» አለ።

«እንግዲያው በደንብ አልተማሩም ማለት ነው፤» አለችው።

በቀኝ በኩል ሁለት ስሕተት ጻፍኩ።

«ልጄ አያታችሁ ዝንጀሮ ነው እያለችን ነው፤» አለ ወዳጄ። «የእኔን አባት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዝንጀሮ አልነበረም። በእናቷ በኩል ካለ እኔ አልመሰክርም።»

እናትየው ከፊት ረድፍ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አይቻታለሁ። ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ መምታት፣ ብዬ ጻፍኩ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም፤» አለች ልጁ። «እርስዎ ግን ዕድሜዎን ሙሉ በስብከት ነው የኖሩት፤ ሌላ ነገር ሊሉ አይችሉም።»

ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን መምታት፣ ብዬ ይህንንም ጻፍኩ። ቤት ውስጥ «አንተ» የምትለውን አባቷን በሰው ፊት «እርስዎ» ስትለው ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ነበር፤ እርሱን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም።

እንዲህ እያሉ ቀጠሉ። እርሱ የዓይንን አሠራር አንሥቶ፣ እንዴት እንደተሠራ ማስረዳት ካልቻልሽ ሠሪው ፈጣሪ ለመሆኑ ይህ በቂ ነው አለ። እርሷ ደግሞ ይህን የሚቀበል ሰው ነገ ልጁን አላስከትብም ማለቱ አይቀርም አለች። ሁለቱንም መዘገብኩ። እርሷ ፈጣን ናት፤ እርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር እስኪጨርስ እርሷ አራት ትናገራለች። እጄ ወደ ቀኝ ዓምድ ይመላለስ ጀመር።

በመጨረሻ ወዳጄ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንሰት ተክያለሁ። አባቴ ተክሏል፤ አያቴም ተክሏል። የተከልነው ዓይነት ያው ራሱ ነው የወጣልን፤ ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ቀለሙ፣ ሁሉ እንደ እናቱ። በሦስት ትውልድ አንዲት እንሰት መልኳን ስትለውጥ አላየንም። ነገር ሁሉ ይለወጣል የምትዪኝ ከሆነ፣ ልጄ፣ ከጓሯችን ጀምሪ።»

እዚያ ከተቀመጠው ሰው ጓሮው ውስጥ እንሰት የሌለው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በልቡ የራሱን ጓሮ ያየ ይመስላል። ልጅቱ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ተቀመጠች።

ከዚያ ተነሥቼ ወረቀቴን አነበብኩ። ለእያንዳንዱ ስሕተት ስሙን፣ ትርጉሙን፣ ማን እንዳለው ተናገርኩ። ሕዝቡ ይስቅ ነበር፤ እኔም ክፍል ውስጥ እንደሆንኩ ያህል ሞቀኝ። የአባት ሰባት፣ የልጅ አሥራ አንድ። ፍርድ መስጠቴ እንዳልሆነ በመጨረሻ መናገሬን አስታውሳለሁ፤ ወዳጄ ግን አልተናገርክም ይላል። ብናገርም የሰማኝ የለም። በር ላይ አንድ ወጣት ለጓደኛው «አሥራ አንድ ለሰባት፤ አባትየው ወሰደው፤» ሲለው ሰማሁ። የኳስ ውጤት ይመስል ነበር።

ልጅቱ ያን ምሽት እቤት አላደረችም፤ ወደ ቦዲቲ ተመለሰች። በሚቀጥለው አርብም አልመጣችም።

ወዳጄ ከዚያ አርብ በኋላ ባለው ሰኞ ወደ እኔ የመጣው በአጥሩ በኩል ሳይሆን በዋናው በር ነው። በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ነበር። የሽማግሌዎች ጉባኤ ጸሐፊ ለረቡዕ ያዘጋጀው የቃለ ጉባኤ ረቂቅ ነበር። እንደማስታውሰው ከሆነ፣ የእኅት ትምህርት ስሕተት መሆኑ በሎጂክ መምህሩ ምስክርነት ስለተረጋገጠ ከልጆች አገልግሎት እንድትታገድ፣ ይላል።

«ይህን እኔ አላልኩም፤» አልኩት።

«ቆጥረህ አነበብክ እኮ።»

«የቆጠርኩት አነጋገሯን ነው።»

«ሰው የሰማው ሌላ ነው።» ወረቀቱን መልሶ አጠፈ። «ማሸነፌን ነው የሚነግሩኝ። ልጄ ስልክ አታነሣም። እናቷን ነው የምታናግረው፤ እኔ አጠገቧ ከሆንኩ ቶሎ ትዘጋለች። ይህን ደግሞ ካነበቡላት ሶዶንም ትተወዋለች።»

ከሄደ በኋላ ወረቀቴን አወጣሁ። ከአሥራ አንዱ ሦስቱን ደግሜ ሳነባቸው ስሕተት አልመስል አሉኝ። አንዱን ደግሞ የተናገረው ያ ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። በትምህርቱ መጨረሻ ሁልጊዜ የማስተምረው አንድ ፋላሲ አለ፤ መከራከሪያው ደካማ ስለሆነ ብቻ መደምደሚያው ሐሰት ነው ማለት። ተማሪዎች ሲሳሳቱበት እቆጣ ነበር። አሁን አንድ ጉባኤ ሙሉ በዚያ ስሕተት ውስጥ ገብቶ ያገኘሁት በእኔው እጅ ተመርቶ ነው። ብዙ የሚናገር ብዙ እንደሚሳሳትም፣ ቁጥሩ ከፍጥነቷ በቀር የሚለካው ነገር እንደሌለም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ይህን ልነግረው ስሻገር ጓሮ አገኘሁት። ገና ያልደረሰ እንሰት ነቅሎ ከሥሩ፣ አሚቾ ከምንለው ክፍል ጋር፣ መሬት ላይ አጋድሞታል። ግንዱን ቆርጦ ጥሎ መሐሉን በቢላ ፈልፍሎ አወጣና፣ አሚቾውን ፍግ በተቀላቀለበት ጉድጓድ ቀበረው።

«ከዚህ ስንት ይወጣል?» አልኩት። ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ግን ጠፍቶብኛል።

«ቁጥሩ ይለያያል፤ ብቻ ብዙ ችግኝ ነው። ሁሉም እናታቸውን ነው የሚመስሉት።»

«ከዘር ተክለህ ታውቃለህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሊያሾፍብኝ ነበር። «ከተማ አበላሸህ። የእንሰት ዘር ማን ይተክላል? አበባ ሲጀምር እንቆርጠዋለን፤ ካፈራ ቆጮው ምን ይረባል?»

«እንግዲያው ዘሩን አያትህም አባትህም አልተከሉትም።»

«ማንም አልተከለውም አልኩህ እኮ።»

«አረካ ምርምር ማዕከል የሚሠራ አንድ የድሮ ተማሪዬ ነግሮኝ ነበር፤ ልክ ካስታወስኩ፤ ከዘር የበቀለ እንሰት እንደ እናቱ አይወጣም። አንዱ ከአንዱ ይለያያል።»

ወዳጄ እጁ ላይ ያለውን አፈር ማራገፍ ጀመረ። ብዙ ጊዜ አራገፈ።

«ይህኛው እናቲቱ ራሷ ናት፤» አለ በመጨረሻ፣ ጉድጓዱን እያየ። «ቆራርጠን የምንተክለው ያቺኑ ራሷን ነው። ምን ልትለወጥ ነው?»

«ይህ ልጅህ ልክ ናት ማለት አይደለም፤» አልኩት። «አንተ ያላየኸው ለመታየት ዕድል ያላገኘ ነገር መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው።»

«ገብቶኛል። እንደ ተማሪ አታስረዳኝ።» ከዚያም «ለምን ያኔ አልተናገርክም?» አለኝ።

«አላሰብኩትም። በግራ በኩል አንድ መስመር ጽፌ አለፍኩት።»

«እርሷንም ዝም ያሰኛት ይኸው ነው፤» አለ። «ከሌላው ሁሉ ይህ።»

ረቡዕ ከሰዓት ሁለታችንም ጉባኤው ፊት ቀረብን፤ እርሱ እንደ አባል፣ እኔ እንደ ምስክር። ሽማግሌዎቹ ከወዳጄ ጋር አምስት ነበሩ። ሰብሳቢው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«ምስክርነቴን ላርም መጥቻለሁ፤» አልኩ።

«ቁጥሩ ተሳስቷል?»

«ቁጥሩም ሳይሳሳት አልቀረም። ዋናው ግን ሌላ ነው። የእኅታችን መከራከሪያ ስሕተት ነበረበት ማለት ትምህርቷ ስሕተት ነው ማለት አይደለም።»

«ታዲያ ልክ ናት?»

«ይህንንም አላልኩም።»

«ወንጌላዊውስ?»

«የእርሱም እንዲሁ ነው።»

ሰብሳቢው ጸሐፊውን አዩት፤ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ዛሬ መወሰን አለብን፤» አሉኝ በትሕትና።

ከቢሮው መስኮት የዳሞታ ተራራ ይታያል። «አንድ ሰው፣» አልኩ፣ «ሶዶ በዳሞታ ሥር መሆኗን አውቃለሁ፣ በሕልሜ አይቻለሁና ቢላችሁ፣ ምክንያቱ የማይረባ ነው። ስለዚህ ሶዶ በዳሞታ ሥር አይደለችም ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ትጽፋላችሁ?»

አንደኛው ሽማግሌ ሣቁ። ሰብሳቢው አልሣቁም፤ ግን ተራራውን ጥቂት አዩት።

ወዳጄ ያኔ ተነሣ። ስለ አሚቾው፣ ስለ አበባው፣ ስለ ዘሩ አንድ በአንድ ነገራቸው። ስብከት አላደረገውም። «እኔ ዛሬም ፈጣሪ ሰማይንና ምድርን እንደነደፈ አምናለሁ፤» አለ። «ወደፊትም እሰብካለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ልጄን ዝም ያሰኘሁበት ነገር ልክ አልነበረም። ልክ ባልሆነ ነገር ያሸነፍኩትን ይዛችሁ እንድታግዷት አልፈልግም። ማገድ ካለባችሁ ሌላ ምክንያት ፈልጉ፤ ያኔ እኔ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ። ከዚያ ሰብሳቢው እንደ ነጋዴ አሰቡና ወሰኑ፤ እኅት በአገልግሎቷ ትቀጥል፣ ይህን አንድ ርዕስ ግን ከአባቷ ጋር ሆና ታስተምር። ወዳጄ ልጆች አስተምሮ አያውቅም። ይፈልግ እንደሆነም ማንም አልጠየቀውም።

ከዚያው ግቢ ሳንወጣ ደወለ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው። አላነሣችም። ሁለተኛ ደወለ።

«አቤት፣ አዋ፤» አለች። በወላይትኛ አባቷን የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ቀጥይ ብለዋል።»

«ምኑን?»

«ልጆቹን። እኔም አብሬሽ እገባለሁ።»

«አንተ? ከልጆቹ ጋር?»

«ለዚህ ነገር ብቻ። ከፕሮፌሰር ጋር ከጉባኤው መውጣታችን ነው፤ እነርሱ ናቸው የወሰኑት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለ እንሰቱ ያልኩት ልክ አልነበረም። ከአሚቾ ነው የምንተክለው፤ ስለዚህ...»

«አውቃለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ትዝ አለኝ፤ ቦዲቲ ሳልደርስ።»

«ለምን አልደወልሽም?»

«ተናድጄ ነበር።»

ወዳጄ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ተራራው አየሁ።

«እሺ፣ እንግባ፤» አለች። «ግን አንድ ነገር አለኝ። የእኔን ወገን አንተ ታስረዳለህ፣ ያንተን እኔ። እኔ ‹አዎ፣ ያልኩት እንዲህ ነው› እስክልህ ድረስ ልጆቹ ፊት አንቀርብም። አንተም እንደዚያው እስክትለኝ።»

«እኔ ዝግመተ ለውጥን ላስረዳ?»

«ቢያስቸግርህም።»

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አጠገብህ ያሉት ሰውዬ።»

ይህን ማስተማሬን አላስታውስም። በማስታወሻ ደብተሮቼ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ምናልባት ተናግሬው ይሆናል፤ ምናልባት የራሷን ሐሳብ ለእኔ መስጠቷ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ደግነት አላት። እንዳልክድ ግን ወዳጄ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።

አርብ ማታ መጣች። ቅዳሜ ጠዋት ወዳጄ የአንደኛ ክፍል ተማሪ የሚይዘውን ዓይነት አዲስ ደብተር ይዞ በራፌ ላይ ቆመ።

«በል ፕሮፌሰር፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። ሳታሾፍ። ማታ ልትጠይቀኝ ነው።»

ባዮሎጂ እንዳልተማርኩ፣ የማውቀውም ከፊሉ የተረሳ እንደሆነ ነገርኩት። ምንም አይደለም፣ የማታውቀውን አብረን እንጠይቃታለን አለኝ። ተቀመጥንና በተቻለኝ መጠን ጀመርኩለት። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በዚያ በደከመ እጁ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርጎ ጻፈ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ትንሽ ይለያሉ። ጽፎ ጥቂት አየው።

«ይህንማ ማን ይክዳል?» አለኝ።

«እስካሁን ማንም።»

«ቀጥል፤» አለ፣ የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ እያራሰ።